ባሻ መንገድ እንዳይረሳ

ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ይህ ደብተር የባሻ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሱንዱስ «በቃል የሚነገር ነገር አያስተማምንም፤ ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ሲጠፋበት በየቀኑ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ደብተሩን ከምሠራበት ፋርማሲ አመጣሁት። ሽፋኑ ላይ የጨጓራ መድኃኒት ማስታወቂያ አለበት።

ባሻ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ቡችላ ሳለ አባባ ከትውልድ አገራቸው ከደቅ ደሴት በጋቢ ጠቅልለው በጀልባ ያመጡት ውሻ ነው። ዛሬ ጧት በፍሪጁና በግድግዳው መሃል ገብቶ ቆመ። ወደ ኋላ መውጣት እንደሚቻል ጠፋው። ሩብ ሰዓት ያህል ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ቆየ። ጎትቼ ሳወጣው እንደ እንግዳ አሽትቶ ጅራቱን ቆላልኝ።

ሱንዱስ ዓይኑን በባትሪ አየች፣ ጥርሱን ቆጠረች፣ ወገቡን ጫን ጫን አደረገች። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሸቀጥ እንደሚመርጥ ሰው ነው የምታገላብጠው። «ጆሮው ደክሟል። ዓይኑንም ጉም ጀምሮታል። ዋናው ግን አእምሮው ነው። ውሻም እንደ ሰው ይጃጃል እትዬ እናትዓለም» አለች።

«መድኃኒት የለውም?»

«የሚያድነው የለም። ያግዛሉ የሚባሉ ቅጠላ ቅጠሎች አሉ፣ የዓሣ ዘይትም አለ። ማስረጃቸው ግን ቀጭን ነው።»

ቀጭንም ቢሆን አለ ማለት ነው፣ አልሁ በልቤ።

ባሻ መጃጀት አይችልም። በየማለዳው አባባን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አድርሶ፣ ከቅጥሩ ውጭ ተኝቶ ጠብቆ፣ መልሶ የሚያመጣቸው እሱ ነው። እሱ መንገዱን ከረሳ አባባ ቤት ሊቀሩ ነው። አባባ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ከቀሩ ዓመት የሚቆዩ አይመስለኝም።


ሐምሌ 6፣ እሑድ

ምግብ፦ በልቷል። ውሃ፦ ጠጥቷል። እንቅልፍ፦ ቀኑን ሙሉ። ሲመሽ ከበር እስከ ጓዳ መመላለስ ጀመረ። አባባም ሲመላለሱ አመሹ። የሱ መንቆራጠጥ ለሳቸውም ተረፋቸው።

ጧት ወጡ፦ 11 ሰዓት። ተመለሱ፦ 2 ሰዓት ከሩብ። ድሮ በአንድ ተኩል ይመለሱ ነበር። ባሻ ቀርፋፋ ሆኗል።


ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

አባባ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሰፈሩ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ይላቸዋል። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ውሻ ማሳደጉ ለሰፈራችን ለዓባይ ማዶ ሰው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ዛሬ ከበራችን አጠገብ ሱቅ ያላት ውዴ፣ «መሪጌታ፣ ከውሻ ጋር መች ታረቁ?» ብላ ነካካቻቸው።

«በልጅነቴ ባቴን ያልነከሰኝ የጎጃም ውሻ የለም። ይኸ የነዚያን ሁሉ ኃጢአት ነው የሚናዘዝ» አሏት። ውዴ እስኪያስላት ሳቀች።

ሱቁን ሳናልፍ ዞር ብለው ያንኑ ነገር ደግመው ነገሯት። ውዴም ደግማ ሳቀች። ጨዋ ሴት ናት።


ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ወንድሜ ኪሩቤል ከአዲስ አበባ ደወለ። ስልኩን ለአባባ ሰጠኋቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ከርማችኋል? ልጆች ደህና? ሥራ ደህና? ይጠብቃችሁ፣ ይባርካችሁ» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ማነው?» አሉኝ። ኔትወርኩ ሰሞኑን ድምፅ ይቆራርጣል።

«አባባ እንዴት ናቸው?» አለ ኪሩቤል።

«ደህና ናቸው። ባሻ ነው የጃጀብን።»

«ስለ ውሻው ማን ጠየቀሽ?»

«ያለውን ነው የነገርሁህ።»

«አንድ ነገር ካለ ይምጡና እኔ ጋ ይቀመጡ። ሐኪምም ያያቸዋል።»

አራተኛ ፎቅ ላይ! ከዚያ ወርደው ወዴት ሊሄዱ ነው? ማን ብሎ ሊጠራቸው? ምንም የለም አልሁት።

ባሻ፦ ደህና። አንድ ጊዜ ብቻ ፍሪጁ ጋ ገባ።


ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ፋርማሲ መጡና «ያነበብነውን የሚያስይዝ ክኒን አለ?» አሉኝ። «አለ። ስምንት ሰዓት እንቅልፍ ይባላል» አልኋቸው። ሳቁና ሄዱ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብዬ ነው ተማሪ የምመልሰው።

እነሱ በወጡ በደቂቃ ውስጥ አስመጪው ጋ ደወልሁ። ጊንጎ የሚባል የቻይና ዛፍ ቅጠል በካፕሱል አለው። ለማስታወስ ይረዳል ይላል ማሸጊያው። አንድ ጠርሙስ ላክልኝ አልሁት። ለማን? ሲለኝ ለውሻ ማለት አፈርሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።


ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አልመጡም። ሁለት ተኩል፣ አልመጡም። ዝናቡ ይወርዳል። ጃንጥላ ሳልይዝ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሮጥሁ። ኪዳኑ አልቆ ሰው ተበትኗል።

ሦስት ሰዓት ላይ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አባባ ከኋላ፣ ባሻ እግራቸው ሥር፣ ሁለቱም በስብሰዋል። ባለባጃጁ ጀላሉዲን ነው፤ ተራው ከውዴ ሱቅ ማዶ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው።

«ዓባይ ድልድይ አፋፍ ነው ያገኘኋቸው እትዬ። ወዴት ነው መሪጌታ? ስላቸው፣ ጀልባዋ አመለጠችኝ አሉኝ» አለ። ሻይ ላፍላልህ ብለው እምቢ አለ። ሲወጣ ከውዴ ጋር ቆመው ለረጅም ጊዜ አወሩ። ስለ ዝናቡ ይሆናል።

እንግዲህ ባሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባው ወደ ቀኝ ታጠፈ። አባባም ተከተሉት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ባሻን ጮህሁበት። ጆሮው ቢደክምም ገባው፣ ጅራቱን ሸጉጦ ሶፋው ሥር ገባ።

«እሱን አትቆጪው» አሉኝ አባባ። እግራቸውን እያጠብሁ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።


ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ካፕሱሉ መጣ። ሠላሳ ፍሬ ነው። ከሥራ በፊት ለሱንዱስ ወስጄ አሳየኋት። ማሸጊያውን ፊደል በፊደል አነበበችው።

«ለሰው የተሠራ ነው። ለውሻ የሚጎዳ ማጣፈጫ የለበትም፣ ጥሩ። በቀን ግማሽ ብቻ። የሚደማ ነገር ካዩ ወዲያው ያቁሙ። ነጭ ሽንኩርት ለደም ይረዳል የሚሉትንም እንዳይሰሙ፤ ለውሻ መርዝ ነው።»

«ይሠራል ትያለሽ?»

«አላውቅም። አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ሁለት ሳምንት ይህንን ብቻ ይሞክሩ። ሌላ ምንም ነገር አይለውጡ። ብዙ ነገር ከተለወጠ የትኛው እንደ ሠራ አይታወቅም።»

እውነቷን ነው። እኔም የተማርሁት ይህንኑ ነው። ምንም አልለውጥም።


ሐምሌ 22

ግማሽ ካፕሱል በዓሣ። ወጡ 11። ተመለሱ 1፡35!


ሐምሌ 23

ግማሽ በዓሣ። ተመለሱ 1፡30።


ሐምሌ 24

ተመለሱ 1፡30። ቸኩያለሁ። ደስ ብሎኛል።


ሐምሌ 27፣ እሑድ

ስድስት ቀን ሙሉ አንድም ቀን አልዘገዩም። ፍሪጁ ጋ አሁንም ይገባል፣ ቀን ይተኛል፣ ማታ ይንከራተታል። መንገዱን ግን ያዘ። ዋናው መንገዱ ነው። ሱንዱስ የመንገድ ትዝታ ከሌላው ትዝታ ይለያል ብላኝ ነበር፤ ወይም እኔ ነኝ ያልኋት።

ለአባባ ነገርኋቸው። «አባባ፣ ቅጠሉ ሠራ! ባሻ እንደ ልጅነቱ ሆነ፤ ይኸው በሰዓቱ ያመጣዎታል!» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ የውዴ ሱቅም ሳይሰማው አልቀረም።

አባባ ባሻን አዩት። «ከዚህ ቅጠል ነው?» አሉ።

«ከዚሁ ነው።»

ጠርሙሱን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። መልሰው ሰጡኝ። እኔም ከቡና ስኒዎቹ አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት።


ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ተመለሱ 1፡30።

ካፕሱሉን ቆጠርሁት። ስምንት ቀን በግማሽ ግማሽ፣ አራት ፍሬ ነው መጉደል ያለበት። ዘጠኝ ጎድሏል። ፋብሪካው ሲሞላ አጉድሎ ይሆናል። ወይም ከፍቼ ስከፋፍል የደፋሁት አለ። ሃያ ሁለት ዓመት መድኃኒት የቆጠርሁ ሰው እንዲህ መሳሳት የለብኝም። ድካም ነው።


ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ፍልሰታ ገባ። በጾም ቤታችን ዓሣ አይገባም፣ አባባ አይወዱም። ስለዚህ የባሻን ግማሽ ካፕሱል ውዴ ጓሮ በተቀቀለ እንቁላል አድርጌ በድብቅ አበላዋለሁ። «ባሻ ጾሙን በኔ ጓሮ ነው የሚገድፍ» ትላለች ውዴ። ሰዓቱም ተለውጧል፤ ቅዳሴው ቀን ስለሆነ አባባ ከቀትር በፊት ወጥተው ዘጠኝ ተኩል ይመለሳሉ። ዛሬም በሰዓቱ መጡ።

ከምሳ በኋላ ባሻን አጠገባቸው አስተኝተው ሲያጫውቱኝ፣ «አንች የቻይና ቅጠል ታመጫለሽ። ለትምህርት የሚሆነውን ቅጠልማ የምናውቅ እኛ ነን» አሉ።

«አብሾ ነው የሚሉት?»

«እንዴታ! ጎንጅ ቅኔ ቤት ሳለሁ ለሦስታችን ሰጡን። አንዱ አበደ፣ አንዱ ሞተ። አንዱ እኔ ነኝ።» ሳቁ። «የሰማሁትን ሳልጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ ረስቼ አላውቅም።»

«አባባ፣ እሱ እኮ አስተናግር ነው፣ መርዝ ነው» አልሁ እየሳቅሁ።

«ልኩን ላላወቀ» አሉ።

ስልኬ ጠራ፣ ተነሣሁ። ምን ያህል እንደ ተደሰቱ ልብ ብያለሁ። ከደስታቸው ሌላ ልብ ያልሁት ነገር የለም።


ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ዛሬ እኔም አስቀደስሁ። አባባ ቅኔ እንዲያቀርቡ ተጋበዙ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያንጎራጉሩት የሰነበቱት ቅኔ ነው። መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ። ሁለት ቤት አሉና ቆሙ። ዝም አሉ። የቤተ ክርስቲያን ዝምታ እንዲህ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ያስተማሩት ልጅ፣ ዛሬ እሱም መሪጌታ የሆነው ፍሬ ስብሐት፣ ከጎናቸው ሆኖ የቀረውን ከራሱ አውጥቶ አሟላው። ሰው የሳቸው መሰለው፣ ግሩም ነው አለ።

ስንወጣ ፍሬ ስብሐት ቀረበኝ። «ለነሐሴ ዐሥራ ስድስት በዓል ተራው የሳቸው ነው። እንዲያርፉ ላድርግ?» አለኝ።

«ጉንፋን ይዟቸው ነው። ለበዓሉ ይድናሉ» አልሁት።

አባባ ሰምተዋል። ቅጥሩ ሥር ባሻን አስነሱት። ቤት እስክንደርስ አለቀስሁ፣ በነጠላዬ ተሸፍኜ። ስለ ባሻ ዛሬ የምጽፈው የለኝም።


ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጠርሙሱ ባዶ ነው። ቢያንስ ሃያ ፍሬ ሊቀረው ይገባ ነበር። ፋብሪካውን አልወቅስም።

አባባ ደጋግመው ጠየቁኝ፦ «የባሻ መድኃኒት አለቀ? ሌላ አይመጣም?»

«እስከ መስከረም የለም አሉ።»

«እስከ መስከረም» አሉ። «በዓሉ ዐሥራ ስድስት ነው።»

«ባሻ በዓሉን ምን ያደርግለታል?» ብዬ ቀለድሁ። አልሳቁም።

ከሰዓት ሱቅ ስገባ ጀላሉዲን ውዴን «ትላንት መሪጌታን ማን ነው ያሻገራቸው?» ሲላት ሰማሁ። እኔን ሲያዩ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። አባባ ከኋላዬ ነበሩ። «ሕፃን ሆንሁ እንዴ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ሳሙና ገዝተን ወጣን።


ነሐሴ 14

ቸኩያለሁ። አባባ ዛሬ ደስተኛ ናቸው። አጥሩ ጥግ ጎንበስ ብለው ከአረም መሃል የሆነ ነገር ሲለቅሙ አየሁ። ምንድን ነው? ስል «የባሻ ነው» አሉ። ባጃጅ እየጠበቀኝ ነበር፣ ምን እንደሆነ ጠጋ ብዬ አላየሁም። ባሻ፦ አላየሁትም።


ነሐሴ 16፣ ዓርብ፣ ሆስፒታል

በዓሉ ዛሬ ነው። እኛ እዚህ ነን።

ትላንት ስምንት ሰዓት ላይ ውዴ ፋርማሲ ደወለች። «እታለም፣ ነይ። መሪጌታ ልክ አይደሉም።» ስደርስ አባባ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከአየር ላይ የማይታይ ነገር ይለቅማሉ። ፊታቸው ፍም መስሏል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ዓይናቸውን አየሁ። ብሌኑ ዓይናቸውን ሞልቶታል። ፋርማሲስት ነኝ፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገኝም።

ጓዳ ገባሁ። የአስተናግር ፍሬ ተፈልፍሎ ተወቅጧል። አንድ ብርጭቆ ታጥቧል። ከጎኑ የባሻ ሣህን አለ፣ ተልሶ ተጠርጓል።

ባሻ ከውሃ ጋኑ አጠገብ በጎኑ ተኝቶ፣ ሩጫ ላይ እንዳለ አራት እግሩን ያንቀሳቅሳል። ዓይኑ ተገልጧል። ስሙን ጠራሁት፣ አልሰማም።

ጀላሉዲን ባጃጁን እስከ በራፉ አስገባ። አባባን ደግፈን ስናወጣ እጃቸውን አስለቀቁንና «ባሻ ይግባ፤ ቦታ አለ፤ ጀልባዋ ትችለናለች» አሉ። ደቅ ያሉ መስሏቸው ነበር። ባሻን ትቼ ሄድሁ። ሁለቱን ይዤ መሄድ አልችልም ነበር፣ ግን ትቼው ሄድሁ። ለሱንዱስ ከመንገድ ላይ ደወልሁላት። ከምትሠራበት ሮጣ መጥታ ውዴ ጋ አብራው ተቀምጣለች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተ። አንዲት ማንኪያ ለሰው ልክ የሆነች ለባሻ ሦስት እጥፍ ናት፣ አለችኝ ሱንዱስ። አባባ ልኩን ለሰው ነበር የሚያውቁት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ምን እንደወሰዱ ስነግረው አላፌዘም፣ ለዚህ እግዚአብሔር ይስጠው። «ከዚህ በፊት የመርሳት ነገር ነበረባቸው?» አለኝ።

ውሻው ነው ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር።

«ዕድሜ ነው» አልሁ።

ሌሊቱን ከሞቱ ጓደኞቻቸው ጋር ሲያወሩ አደሩ። አሁን ተኝተዋል፤ ልባቸው ረግቷል። እኔ ነኝ። «ቅጠሉ ሠራ» ብዬ የጮህሁት እኔ ነኝ። ካፕሱሉ ሲጎድል ያየሁት እኔ ነኝ። አጥር ሥር ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ አይቼ ባጃጅ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ።


ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ትላንት ወደ ቤት ተመለስን። አባባ ደክመዋል፣ ግን እህል ቀምሰዋል። የውጭውን በር ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ።

ዛሬ ውዴ አጥሚት ይዛ መጣች። ባሻን ከጓሮዋ፣ እንቁላሉን ይበላበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ቀብራዋለች። ተቀምጠን አለቀስን። ከዚያ ሳላስበው «እኔስ ለማን ልስጥ አባባን? መንገዱን የሚያውቅ ባሻ ነበር» አልኋት።

ውዴ አጥሚቱን አማሰለች።

«ባሻማ ምን ያውቃል እታለም» አለች።

«እንዴት?»

«ጀላሉዲን ድልድዩ ላይ ካገኛቸው ቀን ጀምሮ ተከፋፍለናቸዋል። እስከ ዳቦ ቤቱ እኔ በዓይኔ አደርሳቸዋለሁ። ከዚያ የዳቦ ቤቶቹ ያዩዋቸዋል። አስፋልቱን ጀላሉዲን ነው የሚያሻግር፣ እሱ ሥራ ከሄደ ሌላው ባለባጃጅ። ማርያም በር ላይ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ይቀበላቸዋል። ስንመልሳቸውም እንዲያ። ባሻንም አብረን ነው የምንመልሰው፤ እሱማ አንድ ቀን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ጥግ ይዞ ቆሞ ቀርቷል።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን? አንች ቅጠሉ ሠራ እያልሽ እንዲያ ደስ ብሎሽ! ደግሞ መሪጌታን ሰው ይመራቸዋል ተብሎ እንዴት ይወራል? የሚያልፍ ሰው እንደምን ዋሉ እያለ አብሯቸው ትንሽ ይራመዳል፣ በቃ።»

ውዴ ስትሄድ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብሁት። በሰዓቱ ተመለሱ፣ በሰዓቱ ተመለሱ። ከካፕሱሉ በቀር ምንም አልለወጥሁም ብያለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ተለውጦ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።


ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ለኪሩቤል ደወልሁ።

«አባባ ይረሳሉ» አልሁት።

ጻፍሁት። ይኸው።

«መች ጀመራቸው?» አለኝ።

«ያምና ፋሲካ። ሻማ ይዘው ጓዳ ገቡና የት ነው ያለሁት አሉኝ።»

«ዓመት ከአራት ወር? ስደውል ደህና ናቸው፣ ውሻው ነው ስትይኝ?»

«አዎ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልቅሶ ነበር መሰለኝ፣ ድምፁ ተለወጠ። አዲስ አበባ ልውሰዳቸው አለ። እዚያ ከበር ሲወጡ መሪጌታ ብሎ የሚጠራቸው የለም፣ አልሁት። ለዓመት በዓል መጥቶ ራሱ ሊያይ ተስማማን። ለሱንዱስም ነገርኋት። «ስለ ውሻው ብቻ እንዳልነበረ ገምቼ ነበር። ለመጠየቅ አልደፈርሁም» አለች። እሷም!


ነሐሴ 25፣ እሑድ

«ባሻ የታለ?» አሉ አባባ ጧት።

እውነቱን ነገርኋቸው። ከሳቸው ጋር አብሾውን እንደ ጠጣ፣ እንደ ሞተ። ደረታቸውን መቱ። «ፍጡርን ገደልሁ» እያሉ እስከ ቀትር አለቀሱ።


ነሐሴ 26፣ ሰኞ

«ባሻ የታለ?» አሉ።

ትላንት የነገርኋቸውን አያስታውሱም። ዛሬ ደግሜ ማስለቀስ አልቻልሁም። «አርጅቶ ሞተ አባባ» አልኋቸው። «ነፍሱን ይማር አይባልም ለውሻ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ጥሩ ጓደኛ ነበር» አሉ።

ስለዚህ ይህኛው ውሸት ይቀጥላል። ከዋሸሁት ሁሉ የማልጸጸትበት ይህ አንዱ ነው።


ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ለአሥራ አራት ቀን በሩ ተቆልፏል። አባባ በየማለዳው ለብሰው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ ሥር ይቆማሉ። አንድም ቀን ክፈችልኝ አላሉኝም። እስከ አንድ ሰዓት ይቆሙና ገብተው ይቀመጣሉ። ፍሬ ስብሐት ሁለት ጊዜ ጠይቋቸው ሄደ። ምግብ እየቀነሱ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ከብዶኛል።

ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀድሜያቸው ተነሥቼ ከፈትሁት። አባባ የተከፈተውን በር አዩ፣ እኔን አዩ።

«ባሻስ?»

«ሞተ አባባ። አርጅቶ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ እግራቸውን ወደ ውጭ ሲያወጡ አላስችል አለኝ፣ እጅጌያቸውን ያዝሁ።

«አብሬዎት ልሂድ?»

«ሥራ የለሽም?»

«ታዲያ ብቻዎን እንዴት ይሆናሉ? ባሻ የለ፣ ማን ያመጣዎታል?»

አባባ ዞረው አዩኝ። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ስደግም ስሳሳት እንደሚያዩኝ ነው ያዩኝ። ከዚያ እጄን ከእጅጌያቸው ቀስ አድርገው አላቀቁ።

«ድሮስ ማን ሲያመጣኝ የኖረ መስሎሽ ነው?» አሉኝና፣ ሱቋን ለምትከፍተው ለውዴ እጃቸውን አንሥተው ወጡ።